የኤሊዋ የቴክላ የበረዶ ወራት መኝታና የጎትሂልፍ ኤበርሌ ዘመቻ

ንዌጥን እንከ ዜናሁ ለጎትሂልፍ መስተዐግሥ።

በጡረታቸው ዘመን በስምንተኛው ዓመት፥ በጋብቻቸው በአርባ አራተኛው፥ የባለቤታቸው የእመቤት ሄድቪግ ቀኝ ዳሌ ወጥቶ በብረት በተተካበት በዚያ መፀው፥ ከሽቫብ ተራሮች ግርጌ በታልሃውዘን መንደር፥ በቤት ቁጥር አሥራ አራት፥ ሠላሳ ስድስት ዓመት የመንደሩን አውቶቡስ ሲነዱ አንድ ቀን እንኳ ያልዘገዩት፥ ፌርማታ ላይ ሮጦ የደረሰን ሁሉ ጠብቀው፥ እየተራመደ የመጣን ግን ትተው የሚሄዱት፥ ጎትሂልፍ ኤበርሌ በሁለት ኤሊዎች ላይ ተሾሙ። ይህን የምጽፍ እኔ የሦስተኛው ፎቅ ተከራይ ነኝ፤ በዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ፤ ያየሁትን እጽፋለሁ፥ ያላየሁትንም ከሁለተኛው ፎቅ ከወይዘሮ ኢርምጋርድ ሄፈሌ ሰምቼ እጽፋለሁ። እርሳቸው ከአንድ ጊዜ በቀር ተሳስተው አያውቁም፤ ያ አንድ ጊዜ ደግሞ ይኸው የምጽፈው ነው።

የኤሊዎቹም ነገር እንዲህ ነው። ታላቂቱ ቴክላ ትባላለች፤ ሄድቪግ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ከአጎታቸው ተቀብለዋት አምሳ ስምንት ዓመት አብረዋት ኖረዋል፤ ስለዚህ ቴክላ ሄድቪግን ያወቀቻቸው ጎትሂልፍ ሳያውቋቸው በፊት ነው፥ ይህንንም በአካሄዷ ታስታውቃለች። ታናሹ ካስፓር ይባላል፤ ስለ እርሱ ብዙ የሚጻፍ የለም፤ ይበላል፥ ይገለበጣል፥ ሰው ያቃናዋል። የበረዶ ወራት ሲገባ ሁለቱም አምስት ወር ይተኛሉ፤ ነገር ግን እንዲያው ዝም ብለው አይተኙም፥ አስተኚ ይፈልጋሉ፤ አስተኚው ካላወቀበትም ኤሊው በዚያው ይቀራል። በዚህ ቤት የማስተኛቱ ሥልጣን ሁልጊዜ የሄድቪግ ብቻ ነበር፤ ጎትሂልፍ በአርባ አራት ዓመት ውስጥ የተፈቀደላቸው የምድር ቤቱን መብራት ማብራት ነው።

ወደ ሆስፒታል በሚሄዱበት ዋዜማ ሄድቪግ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፥ ሻንጣቸውን በእግራቸው ገፋ አድርገው፥ እንዲህ አሏቸው፦ «ጎትሂልፍ፥ እውነቱን ንገረኝ። የማትችል ከሆነ አልቀየምህም። ለኤሊ ማሳደጊያው እደውልና መጥተው ይወስዷቸዋል፤ እነሱ ያውቁበታል።» ወደ ማሳደጊያው የሚሄድ ኤሊ ባለቤቱ ያረጀበት ኤሊ ነው፤ ተመልሶ የመጣ የለም። ጎትሂልፍም «እችላለሁ» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ እርሳቸውም ራሳቸው ደነገጡ፤ ሄድቪግም አላመኗቸውም።

ወእምዝ፥ መስከረም ሲያልቅ፥ ጎትሂልፍ በማእድ ቤታቸው ወለል ላይ ተንበርክከው የጾም አዋጅ አስነገሩ። አዋጁም ይህ ነው፦ «ሰላጣ የለመድሽ ቴክላ፥ ካሮት የለመድህ ካስፓር፥ ከዛሬ ማክሰኞ ጀምሮ ምግብ የሚባል ነገር የለም። ሆዱ ሙሉ ሆኖ የተኛ፥ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና እሱም ይበሰብሳል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፥ ሄድቪግ ናት። ቅሬታ ያለው ለእሷ ያቅርብ።» ቴክላ አዋጁን ሰምታ አንገቷን ወደ ውስጥ ሰበሰበች፤ ካስፓር ግን አልገባውምና የጎትሂልፍን የጫማ ክር መብላት ጀመረ።

ከዚያም ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሁለት ቀኑ ሆዳቸው እንዲጠራ ለብ ባለ ውሃ አጠቧቸው፤ ውሃውንም በክርናቸው እየለኩ፥ የሕፃን ገላ እንደሚያጥብ አባት ጎንበስ ብለው፥ ልጅ ያልወለዱት ጎትሂልፍ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ይህን ተማሩ። በየማለዳው በማእድ ቤት ሚዛን መዘኗቸው። በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሄድቪግ ከሆስፒታል እየደወሉ ክብደት ይጠይቃሉ፥ ጎትሂልፍም ይመልሳሉ፤ ስለ ዳሌው የሚነሣው ከክብደቱ በኋላ ነበር። በምድር ቤት ያለው አሮጌ ፍሪጅ የጎትሂልፍ የፖም ጠጅ ማደሪያ ነበር፤ ኤሊዎቹ የሚተኙት እኩል በሆነ ብርድ ውስጥ ነውና እርሳቸው ሳያቅማሙ ጠጁን አስወጡ፥ ፍሪጁን በሆምጣጤ አጠቡ፥ ቴርሞሜትር ሰቀሉ፥ አምስት ዲግሪ ላይ እስኪረጋ ሦስት ቀን ጠበቁ። ከጠጁ ለታሪክ ጸሐፊ የሚገባው ደረሰኝ።

ሐሙስ ዕለት ካስፓር በሳጥኑ ሆኖ ወደ ፍሪጁ ገባ። ቴክላ ግን ትልቅና አሮጊት ናትና ቀስ እያለች እንድትቀዘቅዝ በሄድቪግ ትእዛዝ ሦስት ቀን ተጨመረላት፤ በእንጨት ሳጥን፥ ከታች አፈር፥ ከላይ ጎትሂልፍ ከጫካ ለቅመው ያደረቁት ቅጠል ተደርጎላት፥ በምድር ቤቱ መተላለፊያ ተቀመጠች። እንደ ገባችም አፈሩን ቆፍራ ከሥር ጠፋች። ሳጥኑ ላይ ምንም አልተጻፈም። ማን ሊነካው፥ አሉ ጎትሂልፍ በልባቸው።

ወኮነ በዕለተ ቀዳሚት፥ በዚያ ሳምንት የቤቱ የመጥረግ ተራ የጎትሂልፍ ነበር። ሰሌዳው በበራቸው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ይህ ሰሌዳ የተሰቀለበት ሰው ደረጃውን፥ ምድር ቤቱን፥ በሩንና የውጭውን መንገድ እስከ ቅዳሜ ቀትር መጥረግ አለበት፤ ያልጠረገ ሰው በታልሃውዘን ምን እንደሚባል አልጽፍም፥ ምክንያቱም ምንም አይባልም፤ ሰላምታው ብቻ ያጥራል። ጎትሂልፍ ሠላሳ ዓመት ተራቸውን ያላጓደሉ ሰው ናቸው። በዚያ ሳምንት ግን ልባቸው በኤሊዎቹ ላይ ነበርና ረሱ። ቀትር ሆነ፤ ደረጃው አልተጠረገም። ወይዘሮ ሄፈሌ ይህን አዩ፥ ሰውየው ሚስታቸው ሆስፒታል ተኝተው ብቻቸውን መሆናቸውን አሰቡ፥ አዘኑላቸውም፥ ማንም ሳያይባቸው ልጥረግላቸው ብለው መጥረጊያቸውን አንሥተው ወረዱ። ከልባቸው ደግ ነበሩ፥ ይህንን በሙሉ እመሰክራለሁ።

ደረጃውን ጠረጉ፥ ምድር ቤቱን ጠረጉ፥ በመተላለፊያውም ቅጠል የሞላበት ሳጥን አገኙ። በተጠረገ ቤት ውስጥ በሳጥን የተቀመጠ ቅጠል! ሳጥኑን ተሸክመው ወጡ፥ በመኪናቸውም ጭነው በመንደሩ ዳርቻ ወዳለው የአትክልት ቆሻሻ መጣያ ግቢ ወሰዱት። እዚህ ላይ ዜና ጸሐፊው የራሱን ነገር ይጽፋል፦ ሳጥኑን ይዘው ሲወጡ የውጭውን በር የከፈትሁላቸው እኔ ነኝ፤ «ጎበዝ» ብያቸዋለሁ። ይህን ለጎትሂልፍ እስከ ዛሬ አልነገርሁም።

ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ጎትሂልፍ ቴርሞሜትራቸውን ይዘው ወረዱ። መተላለፊያው ከመጠረጉ የተነሣ ያበራ ነበር። ሳጥኑ ታጥቦ፥ ተገልብጦ፥ እንዲደርቅ በግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ጎትሂልፍ አልጮኹም፤ ደረጃውን አንድ አንድ እያሉ ወጥተው የወይዘሮ ሄፈሌን በር ደወሉ። እኔም ድምፁን ሰምቼ ከላይ ወረድሁ።

«ወይዘሮ ሄፈሌ፥ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የት አለ?»

«ቅጠሉ? ጣልኩልዎ እኮ። አመሰግናለሁ አይበሉኝ አቶ ኤበርሌ፥ ጎረቤት ለመቼ ነው?»

«ቴክላ ነበረችበት።»

ወይዘሮ ሄፈሌ የበሩን መቃን ያዙ። ፊታቸው ነጣ፤ እኔም ነጣሁ፥ ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር።

አሜሃ ጎትሂልፍ ለዘመቻ ተነሡ። ሰዓት እንደ አውቶቡስ ዘመናቸው አዩና ግቢው አሥር ሰዓት እንደሚዘጋ፥ እሑድ ዝግ እንደሆነ፥ ሰኞ በማለዳም የቅርንጫፍ መፍጫው ማሽን እንደሚመጣ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ፤ ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር። የዘመቻውም ሰራዊት ቁጥር ይህ ነው፦ በፊት ጎትሂልፍ፥ አረንጓዴ የጎማ ቦት ተጫምተው፥ ባለ ጥርስ የቅጠል መሰብሰቢያ በትከሻቸው፤ ቀጥሎ ወይዘሮ ሄፈሌ፥ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ፥ የመኪና ቁልፍ በእጃቸው፤ በመጨረሻ እኔ፥ የእጅ ባትሪ ይዤ፥ በኅሊናዬ የተከሰስሁ። ሌላ የተከተለን የለም፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ቡናና ኬክ ላይ ነበር።

በግቢው የተቀበሉን ዘበኛው አቶ ቫልተር ክኖይለ ናቸው። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ፥ ሕግ የሚያከብሩ፥ በዚህ ግቢ ያለ ቦታው ምንም ያላስጣሉ። ነገሩን ሰምተው አዘኑ፥ ነገር ግን አሥር ሰዓት ማለት አሥር ሰዓት ነው አሉ። ጎትሂልፍ አልተከራከሯቸውም፤ እርሳቸው ራሳቸው በአውቶቡስ ዘመናቸው እንዲሁ ነበሩና ሰውየውን በልባቸው አከበሩ። ከዚያም ከቅጠሉ ክምር ፊት ቆመው፥ ከእኔ በላይ አንድ ክንድ የሚያልፈውን ክምር ከእግሩ እስከ ራሱ አዩና አዋጅ አስነገሩ፦ «ማንም እግሩን እንዳያነሣ! የቆመ ባለበት ይቁም፥ የሚራመድ ከመርገጡ በፊት በእጁ ይዳስስ። ክብ ነገር፥ ጠንካራ ነገር ያገኘ ድምፁን ያሰማ።» አቶ ክኖይለም አዋጁን ሰምተው በቆሙበት ቀሩ፤ ሁለት ተጎታች ቅጠል ይዘው የመጡ ሰዎችም በር ላይ ተከለከሉ።

ከወይዘሮ ሄፈሌ በኋላ በክምሩ ላይ የተደፋው ተጎታች ሰባት ነበር። ቆፈርን። ቅጠሉ ውስጡ ይሞቃል፥ ይሸታል፥ እጅ ያጣብቃል። ጎትሂልፍ መሰብሰቢያውን ጥለው በእጃቸው ያዙት፥ ጥርሱ ይወጋታል ብለው። አንድ ጊዜ «ያዝኳት!» አልሁ፤ የተጣለ የአበባ ማሰሮ ነበር። ጎትሂልፍ ወደ እኔ እንኳ አልዞሩም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሄፈሌ ወደ አጥሩ ፈቀቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ስልክ ሲያናግሩ አየሁ፤ ለባላቸው መስሎኝ ወደ ቁፋሮዬ ተመለስሁ። ተመልሰውም ዐይናቸውን በሽርጣቸው ጠርገው መቆፈር ቀጠሉ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ሲቀር ሰማዩ ጠቆረ፤ አቶ ክኖይለ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ፥ አይተውን ደግሞ መለሱት።

አሜሃ ጎትሂልፍ በቅጠሉ መካከል ቁጭ አሉ። «ከባድ አልነበረም?» አሉ፥ ለማንም ሳይሆን። «ሳጥኑ። እሷ ብቻዋን ከአንድ ኪሎ ተኩል አትርቅም።»

«ከባድማ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሄፈሌ። «በአፈሩ ነዋ።»

«አፈሩ የት አለ?»

«አፈር ዘንድ ነዋ! አፈርና ቅጠል አንድ ላይ ይጣላል እንዴ? እዚያ ማዶ ነው የገለበጥኩት።»

ጎትሂልፍ ተነሡ። በዝግታ፥ አንድ ቃል ከአንድ ቃል እየለዩ ጠየቁ፦ «ወይዘሮ ሄፈሌ፥ ከአፈሩ ጋር ሌላ ነገር ነበረ?»

«ምንም። ድንጋይ ብቻ። ድንጋዩን ደግሞ ድንጋይ ዘንድ አኖርኩት።»

«ለምን እስካሁን አልነገሩንም?»

«የጠየቃችሁኝ ቅጠሉን ነው!» አሉ፤ ይህን ብለውም የተናገሩት ለራሳቸው ጆሮ ደረሰና አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ወይዘሮ ሄፈሌን ማንም አይውቀስ። የጎማ ጓንት አጥልቀው፥ መነጽራቸውን ቤት ትተው፥ ጭቃ የተለበጠ፥ ራስና እግር የሌለው ነገር በአፈር ውስጥ አገኙ፤ በታልሃውዘን ይህ ድንጋይ ነው፥ ድንጋይም የራሱ ቦታ አለው። ሮጥን። የድንጋዩ ገንዳ ከግቢው መጨረሻ፥ ከተሰበረ ሸክላና ከአሮጌ ጡብ ጋር ነበር። ጎትሂልፍ ገና ሳይደርሱ ቆሙ፤ ከከፍታ ተወርውራ ከሆነ ቅርፊቷ ተሰንጥቋል ብለው ማየት ፈሩ፥ ይህንንም ፍርሃት አልደበቁትም። ወይዘሮ ሄፈሌ ግን ከኋላ እየሮጡ፥ ትንፋሽ አጥሯቸው፥ «አልወረወርኩትም! ሰባት ሰዓት ነበር እኮ፥ የቀትር ዕረፍት! ድንጋይ ወርውሬ ሰው ልቀሰቅስ? በእጄ ነው ያስቀመጥኩት!» ይሉ ነበር።

እውነትም በእጅ ተቀምጣ ነበር። በሁለት የጣሪያ ሸክላዎች መካከል፥ ከአንድ የጡብ ቁራጭ ጎን፥ ቴክላ በክብር ተቀምጣ ነበር። ጎትሂልፍ አነሧት፤ በአውራ ጣታቸው ጭቃውን ከጭራዋ ዘንድ ጠርገው የኋላ እግሯን ነኩ። አልተንቀሳቀሰችም። ጠበቁ። እኛም ጠበቅን፥ አቶ ክኖይለም ሰዓታቸውን ሳያዩ ጠበቁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እግሪቱ፥ እጅግ ቀስ ብላ፥ ወደ ውስጥ ተሰበሰበች። ጎትሂልፍ አለቀሱ።

ወካዕበ ሌላ ፈተና መጣ። ወይዘሮ ሄፈሌ «ኮትዎ ውስጥ ያስገቧት፥ በርዷታል» አሉ፤ ማንም ሰው የሚለው ይህን ነው። ጎትሂልፍ ግን በዚያ ሰዓት የሄድቪግን ትምህርት አልረሱም፤ አሁን ከሞቀች ትነቃለች፥ ከነቃች የአንድ ወር ጾሟና መታጠቧ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፥ ባዶ ሆዷን ነቅታ ብርድ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ሙቀት እንዳይነካት እጃቸውን ዘርግተው፥ ከደረታቸው አርቀው ያዟት። በመኪናው ውስጥም የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦ «ማሞቂያው ይጥፋ! መስኮቶቹ ሁሉ ይከፈቱ!» እንዲሁም ሆነ። በጥቅምት መጨረሻ ብርድ፥ አራት መስኮት ተከፍቶ፥ መንደሩን ሁሉ አቋርጠን ሄድን፤ ወይዘሮ ሄፈሌ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ነዱ፥ የእኔ ጆሮ እስከ ማግስቱ አልሞቀም፤ የጎትሂልፍ እጆች ግን ሰማያዊ ሆነው እንኳ አልታጠፉም። ቤት ገብተው መዘኗት፤ አንድ ሺህ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ግራም ሆነች፥ ከሐሙሱ ሦስት ግራም ጎደለች። አዲስ አፈር፥ አዲስ ቅጠል ተደረገላት፥ ሳጥኑም ላይ በትልቁ ተጻፈበት፥ ወደ ፍሪጁም ገባች። ወይዘሮ ሄፈሌ ድንች ልጣድ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ስልኩ ጮኸ። ጎትሂልፍ በአውቶቡሱ ሞተር ጆሯቸው ደክሟልና ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ነው የሚያናግሩት፤ እኔ በማእድ ቤቱ ወንበር ላይ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር፥ ልወጣ ብል በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝ።

«ሄድቪግ» አሉ፥ «የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ንገረኝ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። መጥረግ ነበረብኝ፥ አልጠረግሁም። ሳጥኑ ላይ መጻፍ ነበረብኝ፥ አልጻፍሁም። ቴክላ ዛሬ ከድንጋይ ጋር ተጥላ ሦስት ሰዓት ያህል ውጭ ዋለች። አግኝተናታል። እግሯን ሰብስባለች፥ ቅርፊቷ ደህና ነው፥ አሁን ፍሪጅ ውስጥ ናት። ግን ጠፍታ ነበር፤ ፈልጌም የማላገኛት ሆና ነበር። ለማሳደጊያው ልደውል ካልሽ አልከለክልሽም።»

እኔ ሻዬን አስቀመጥሁ።

«ስንት መዘነች?» አሉ ሄድቪግ።

«አንድ ሺህ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት።»

«ተመስገን» አሉ። «ኢርምጋርድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውላልኝ ነበር። እያለቀሰች ጠፋች አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።»

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ታውቂያለሽ? ሦስት ሰዓት ሙሉ?»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ። ጣሪያውን ሳይ ነው የዋልኩት። አንተ ምን እንደምትለኝ ልስማ ብዬ ነው። ጎትሂልፍ፥ እኔ ለማሳደጊያው ከደወልኩ ቆየሁ እኮ፤ ሆስፒታል በገባሁ በማግስቱ፥ ሳልነግርህ። ማክሰኞ ሊወስዷቸው ነበር። ዛሬ ሁሉ ሰላም ነው ብለህ ብትዘጋው ኖሮ፥ ይመጡ ነበር።»

ጎትሂልፍ ጠረጴዛውን ያዙ። «አሁንስ?» አሉ።

«አሁንማ ሰኞ ጠዋት ደውዬ ተዉት እላቸዋለሁ። ቴክላ ከሁለታችንም በላይ ትኖራለች፥ እኔ ስሞት ማን አላት ብዬ ነበር የምፈራው። አሁን እኔ ባልኖርም አንተ አለህላት። በል፥ እጅህን ሙቅ ውሃ ውስጥ ክተተው፥ ኢርምጋርድ እንዳይቆጣት ንገሪልኝ ብላለች።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጎትሂልፍ ብዙ ጊዜ አልተነሡም። እኔም ዜና ጸሐፊ ነኝና፥ ማየት የማይገባኝን እንዳላይ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

እነሆ ጎትሂልፍ፥ ወልደ ኤበርሌ፥ ዐቃቤ ቴክላ፥ መጋቤ ካስፓር፥ በቅጠል ተራራ ላይ የዘመቱ፥ ከድንጋይ መካከል ሕያዊቱን የለዩ፥ በብርድ መኪና እጃቸውን ያላጠፉ! ሌሎች ነገሥታት ከተማ ሠሩ፥ ግብር አገቡ፥ ስማቸውንም በድንጋይ አስጻፉ፤ እርሳቸው አንዲት አሮጊት ኤሊ አስተኙ፥ ለሚስታቸውም በስልክ እውነቱን ተናገሩ፤ ከዚህ ሁሉ የቱ እንደሚከብድ ያገባ ሰው ያውቀዋል። ፍሪጁን በየዓርቡ ለአየር ከፍተው ይዘጋሉ፥ ሲከፍቱም ቀስ ብለው ነው፥ ሲዘጉም ቀስ ብለው ነው። መንግሥታቸው በአምስት ዲግሪ ይጽና፤ ቴክላም በመጋቢት በሰላም ትነሣ፤ አሜን።